ስለ ነርቭ፥ ስሜትና እንቅስቃሴ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚመላለሱ

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በአዲስ አበባ ደቡብ ነፋስ ስልክ የሚባል ሰፈር አለ፤ ዛሬ ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ይባላል። በዚያ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ልጆች ስሙን በየቀኑ ይጠሩታል፤ ትርጓሜውን የሚጠይቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በነፋስ የሚያደርስ ስልክ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ሊያወጡለት የቻሉት ከዚያ አስቀድሞ የሽቦውን ስልክ ያውቁት ስለ ነበረ ነው፤ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀምሮ ነበርና።

የሰው ሰውነትም እንዲሁ ሁለት ዓይነት መልእክት አለው። አንዱ ሽቦ ሳይኖረው በደም ተጭኖ ወደ ሁሉም ስፍራ የሚደርስ ነው፤ ስለ እርሱ በሌላ ጊዜ እንጽፋለን። ሁለተኛው ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ቅል በተዘረጋ ቀጭን ክር የሚመላለሰው ነው። ይህ ክር ነርቭ ይባላል። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እርሱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ሰው ነርቭን ጅማት ይለዋል፤ ነገር ግን ሥጋ ስንበላ ጥርሳችንን የሚያስቸግረን፥ ሥጋን ከአጥንት ጋር አስሮ የሚይዘው ነገርም ጅማት ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የሥጋው ጅማት ገመድ ነው፤ መጐተት እንጂ መናገር አይችልም። ነርቭ ግን አይጐትትም፤ ወሬ ያመላልሳል። እንዲሁም ደም የሚሄድበት ሥር ሌላ ነው። ስለዚህ መምህራን ይህን ትምህርት በሚያስተምሩበት ጊዜ ጅማት፥ ሥርና ነርቭ እያሉ ሦስቱን ለይተው ቢጠሩ ተማሪዎቹ አይደናገሩም።

የነርቭ ሁሉ መነሻና መድረሻ አንጎል ነው። አንጎል በዐዋቂ ሰው ከአንድ ኪሎ ከሩብ በላይ ይመዝናል፤ ለስላሳ በመሆኑም በጠንካራ የራስ ቅል ውስጥ ተቀምጧል። በአጥንቱና በአንጎሉ መካከል ሦስት ስስ መሸፈኛዎች አሉ፤ በመካከላቸውም ጥሩ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይመላለሳል፤ ይህም ራሳችን ሲመታ አንጎል ከአጥንቱ ጋር እንዳይላተም ይጠብቀዋል። እነዚህ መሸፈኛዎች በተሐዋስያን ሲመረዙ የሚመጣውን ሕመም ሕዝባችን ማጅራት ገትር ብሎታል፤ ሕመምተኛው አንገቱን ወደ ደረቱ ማጠፍ እስኪሳነው ድረስ ማጅራቱ ይገተራልና። ለበሽታ የወጣ ስም ምልክቱን ይህን ያህል አጥርቶ ሲናገር ብዙ አላየሁም።

አንጎል በሦስት ክፍል ይታያል። ታላቁ ክፍል ዐቢይ አንጎል የሚባለው ነው፤ ማሰብ፥ ማስታወስ፥ መናገር፥ ማየትና ማወቅ በእርሱ ይሆናሉ። ቀኝና ግራ ተብሎ ይከፈላል፤ የሚያስደንቀውም ቀኙ የግራውን እጅና እግር፥ ግራው የቀኙን ማዘዙ ነው። በራሱ ውስጥ በግራ በኩል የደም ሥር የተዘጋበት ወይም የፈሰሰበት ሰው ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሚዝሉት ስለዚህ ነው። ከእርሱ በስተ ኋላና በታች ንኡስ አንጎል አለ፤ ሚዛን የሚጠብቅልን እርሱ ነው። ጠጅ የጠጣ ሰው ሲንገዳገድ የምናየው መጠጡ ንኡስ አንጎሉን ስላደነዘዘበት ነው። ሦስተኛው ግንደ አንጎል ነው። ትንፋሽና የልብ ምት ስንተኛም እንዳይቋረጡ የሚቈጣጠር እርሱ ስለ ሆነ፥ በማጅራት ላይ የሚያርፍ ከባድ ምት ሰውን በቅጽበት ሊገድል ይችላል።

ከግንደ አንጎል ወደ ታች የሚወርደው ነጭ ገመድ ሕብለ ሰረሰር ይባላል። ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል፥ ርዝመቱም በዐዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአከርካሪ አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ወገብ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ነርቮች ብቻ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትነው ይወርዳሉ። በበዓል ቀን በግ ሲታረድ መምህሩ ባለቤቱን አስፈቅዶ አከርካሪው ሲሰነጠቅ ለተማሪዎች ቢያሳያቸው፥ ከአሥር ሥዕል ይልቅ ይጠቅማቸዋል። ነገር ግን በጭን አጥንት ውስጥ ያለው መቅን ከዚህ የተለየ መሆኑን ይንገራቸው፤ መቅን ደም ይሠራል፥ ሕብለ ሰረሰር ግን መልእክት ያስተላልፋል።

ከአንጎል በቀጥታ 12 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፤ አብዛኞቹም ወደ ዐይን፥ ወደ ጆሮ፥ ወደ አፍንጫ፥ ወደ ምላስና ወደ ፊት ይሄዳሉ። ከሕብለ ሰረሰር ደግሞ 31 ጥንድ ይወጣሉ። እነርሱም እየተከፋፈሉ፥ ግንድ ወደ ቅርንጫፍ፥ ቅርንጫፍም ወደ ቅጠል እንደሚሄድ፥ ወደ ቈዳና ወደ ሥጋ ሁሉ ይደርሳሉ። ከሁሉ የሚወፍረው ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ነው።

በአንድ ነርቭ ውስጥ በሺሕ የሚቈጠሩ ክሮች ተጠቅልለው ይገኛሉ፤ ሥራቸውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶቹ ከቈዳ ወደ ውስጥ ወሬ ያስገባሉ፤ ሙቀትን፥ ብርድን፥ ሕመምን፥ መዳሰስን ይናገራሉ። ሌሎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ትእዛዝ ያወጣሉ፤ ሥጋን ያሳጥራሉ፥ ጣትን ያጥፋሉ፥ እግርን ያራምዳሉ። ገቢው ወጪ፥ ወጪውም ገቢ አይሆንም። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልዩነት በልብህ ያዝልኝ፤ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ በእርሱ ላይ ይቆማል።

የመልእክቱ ፍጥነት አንድ ዓይነት አይደለም። በፈጣኞቹ ክሮች በአንድ ሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ይሄዳል፤ ሕመምን በሚያመጡት በቀጭኖቹ ግን በሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ ነው። በባዶ እግሩ ሲሄድ ድንጋይ ያደናቀፈው ሰው ይህን ያውቃል። አስቀድሞ መመታቱን ይሰማል፤ ጥቂት ቆይቶ የሚያቃጥለው ሕመም ይመጣበታል። ሁለቱም መልእክቶች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ነበር፤ አንዱ በፈረስ፥ ሌላው በእግሩ ስለ መጣ ነው።

ሁሉም ነገር እስከ አንጎል ደርሶ አይፈረድም። አንዲት ሴት እንጀራ ስትጋግር ጣቷ የጋለ ምጣድ ቢነካ፥ «ተቃጠልሁ» ብላ ከማሰቧ በፊት እጇን ትሰበስባለች። ወሬው በገቢው ክር ሕብለ ሰረሰር ሲደርስ፥ ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ትእዛዙን በወጪው ክር ይመልሰዋል፤ አንጎል የሚሰማው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ጉዳዩ ዋና ከተማ ሳይደርስ በወረዳ አለቀ እንደ ማለት ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ተማሪውን ከፍ ባለ ወንበር አስቀምጦ፥ እግሩን አንጠልጥሎ፥ ከጕልበቱ ሎሚ በታች በእጅ ጠርዝ ቀስ ብሎ መምታት ነው፤ እግሩ ሳይፈልግ ወደ ፊት ይፈናጠራል። ልጆች ይህን አይተው እስኪበቃቸው ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

እንግዲህ ነርቭ የሚሠራውን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳን ነርቭ ሲጐዳ የሚቀረው ነገር ነው። በአገራችን ይህን በግልጥ የሚያሳዩ ሕመሞች አሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸዋለን።

የመጀመሪያው ሥጋ ደዌ ነው። ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር በሚዋሰነው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ዘነበ ወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። በ1920ዎቹ ዓ.ም የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል በዚያ ተመሠረተ፤ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ይጠራ ስለ ነበረ ሰፈሩም ስሙን ወረሰ። በ1958 ዓ.ም ስለ ሥጋ ደዌ ለብዙ አገር ሐኪሞች ትምህርት የሚሰጠው አለርት የሚባለው ድርጅት በዚሁ ስፍራ ቆመ፤ በአጠገቡም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1970 አርማወር ሐንሰን የሚባለው የምርምር ተቋም ተቋቋመ። አርማወር ሐንሰን በፈረንጅ አቈጣጠር በ1873 የዚህን በሽታ ተሐዋስያን ያገኘ የኖርዌይ ሐኪም ነው። ከዚያ አስቀድሞ በአውሮፓም ቢሆን በሽታው በዘር ይወርዳል የሚሉ ብዙ ሊቃውንት ነበሩ፤ ስለዚህ እንዲህ የሚሉትን የእኛን ሰዎች ብቻቸውን መውቀስ አይገባም።

ሥጋ ደዌ ስሙ ሥጋ ቢልም በመጀመሪያ የነርቭ በሽታ ነው። ተሐዋሲው ቀዝቀዝ ያለ ስፍራ ይወድዳልና ከቈዳ አጠገብ ወደሚያልፉት ነርቮች ይገባል፤ በክርን፥ ከጕልበት በስተ ውጭ፥ በቁርጭምጭሚት በስተ ውስጥ፥ በአንገትና በፊት ላይ ያሉትን ይይዛል። ክርናችን ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ የሚነዝረን ነርቭ ከእነዚህ አንዱ ነው። ነርቩ ያብጣል፥ ይወፍራል፥ በመጨረሻም ይሞታል። ገቢው ክር ሲሞት ቈዳው አይሰማም፤ ወጪው ክር ሲሞት ጣት ይታጠፋል፥ እግር ይወድቃል፥ የዐይን ቆብ መከደን ይሳነዋል።

የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣት በበሽታው ተበልቶ ይወድቃል የሚባለው ስሕተት ነው። እጁ የማይሰማ ሰው የጋለ ጀበና ይይዛል፤ እሾኽ በእግሩ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል፤ በጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ እስኪያቈስለው አያውቅም። ሌሊት ሲተኛ አይጥ ጣቱን ቢነክሰው አይነቃም። ቁስሉ ስለማያመው አያሳርፈውም፤ ስለማያሳርፈውም አይድንም፥ ይመረቅዛል፥ አጥንቱም ያልቃል። ሕመምን የምንጠላው ሁላችን፥ ሕመም የሌለው ሰውነት ምን እንደሚሆን ማየት ይገባናል።

ይህን የምጽፈው እኔ መምህር በነበርሁበት ጊዜ የደረሰብኝን ልናገር። ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆነ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አንድ ማታ በኩራዝ እያነበብን ሳለ የሥጋ መቃጠል ሽታ ሸተተን፤ ስንፈልግ የልጁ ትንሽ ጣት በእሳቱ አጠገብ ሆኖ ተለብልቧል፤ እርሱ ግን ዐይኑን ከመጽሐፉ አላነሣም ነበር። ጓደኞቹ «ጀግና ነው» አሉ፤ እኔም ሳቅሁና በትጋቱ አመሰገንሁት። በዚያው ዓመት ጽሕፈቱ እየተበላሸ ሲሄድና ብዕር ከእጁ ሲወድቅ ደግሞ ስለ ስንፍናው ገሠጽሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ትንሿና የቀለበት ጣቶቹ እንደ ንስር ጥፍር ታጥፈው አየኋቸው። ሐኪሙ ክርኑን ዳስሶ ያወቀውን ነገር እኔ በየቀኑ እያየሁት አላወቅሁትም። ልጁ መድኀኒቱን ጨርሶ ከተሐዋሲው ነጽቷል፤ ጣቶቹ ግን አልተመለሱም።

በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ጣቶቹ ሊድኑ ይችሉ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1981 ባወጣው ምክር መሠረት፥ ሪፋምፒሲን፥ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የሚባሉት መድኀኒቶች በአንድነት ይሰጣሉ። በሽታው ጥቂት ለሆነበት ሰው 6 ወር፥ ለበዛበትም 12 ወር ይበቃዋል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ሕመምተኛው መድኀኒቱን ከጀመረ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉ ይቀራል፤ ከቤት ማስወጣትም ሆነ ከትምህርት ቤት ማራቅ አያስፈልግም። ከሰው ሁሉ የሚበዛው አስቀድሞም በተፈጥሮው ይህን ተሐዋሲ የሚቋቋም ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ዛሬም በየዓመቱ በሺሕ የሚቈጠሩ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት የሚመጡት ነርቫቸው ከሞተ በኋላ ነው። ተሐዋሲው ወደ ሰውነት ከገባ ጀምሮ እስኪታይ ብዙ ጊዜ 5 ዓመት፥ አልፎ አልፎም 20 ዓመት ይቆያል፤ ስለዚህ ሰው ከማን እንደ ያዘው አያውቅም፤ ቢጠይቅም አይጠቅመውም።

ሁለተኛው ሕመም ከጓያ የሚመጣው ነው። ጓያ በጎንደር፥ በጎጃም፥ በወሎና በሰሜን ሸዋ በመረሬ መሬት ላይ ይዘራል። ዝናም ሲጠፋ፥ ሌላው እህል ሁሉ ሲደርቅ፥ እርሱ ይበቅላል፤ ስለዚህ ድኻ በክፉ ቀን የሚያገኘው እርሱን ብቻ ይሆናል። በፍሬው ውስጥ ግን ነርቭን የሚገድል መርዝ አለ። ጥቂት ጓያ ከሌላ እህል ጋር የበላ ሰው አይጐዳም፤ ሁለት ሦስት ወር ያህል ከእርሱ በቀር ሌላ ያልበላ ሰው ግን አንድ ቀን ጠዋት እግሩ ይገተርበታል። በ1969 ዓ.ም ገደማ በደምቢያና በፎገራ፥ በ1988 ዓ.ም ግድም ከደረሰው ድርቅ በኋላም በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ተመታ፤ ይልቁንም ጐልማሶች።

አሁን ሁለቱን ሕመሞች አስተያዩ። ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው እግር አይሰማም፤ ጓያ የሰበረው ሰው እግር ግን ሁሉን ይሰማል፤ እሾኹንም፥ ብርዱንም፥ የልጁን እጅ መዳሰስም ያውቃል፤ ነገር ግን አይታዘዝለትም። በሥጋ ደዌ የሰለለው ሥጋ ይልላል፥ ይከሳል፤ በጓያ የተያዘው እግር ግን እንደ እንጨት ይገተራል፥ ጕልበቶቹ ይተሻሻሉ፥ ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል፤ በምርኩዝ፥ ከዚያም በሁለት ምርኩዝ፥ የባሰበትም በእጁ እየዳኸ ይሄዳል። ልዩነቱ የመጣው ከቦታው ነው። ሥጋ ደዌ የሚያጠፋው ከሕብለ ሰረሰር ወጥቶ ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ነርቭ ነው፤ በዚያም ገቢና ወጪ በአንድ ላይ ታስረዋል። ጓያ የሚያጠፋው ግን ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር ትእዛዝ ይዞ የሚወርደውን ክር ብቻ ነው፤ ገቢው አልተነካም። የጕልበቱን ሎሚ በታች ብንመታው እግሩ ከጤነኛው አብልጦ ይፈናጠራል፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት አለ፥ የዋናው ከተማ ቃል ግን ተቋርጧልና።

በክንድና በእግር ያለ ነርቭ ሲቈረጥ ሐኪም ቢሰፋው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ሊመለስ ይችላል፤ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ክር ግን አንድ ጊዜ ከሞተ አያድግም። በጓያ የተያዘ ሰው በመድኀኒት የማይመለሰው ስለዚህ ነው። ብዙ የአገር ሰው ጓያ የሚሰብረው እንፋሎቱ ሲነካን ነው፥ በማሳው ውስጥ ስንሄድ ነው ይላል። ይህ ስሕተት ጕዳት አለው፤ ከእንፋሎቱ የሸሸ ሰው ሳይፈራ ይበላዋልና። የሚያድነው እህሉን ሌሊት በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፥ ደግሞም ቀቅሎ ያንንም ውሃ መድፋት ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ከጤፍ፥ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር እየደባለቁ ጓያውን ማሳነስ ነው። እሸቱንና ቆሎውን ማዘውተር አይገባም። በችግር ዓመት ሽማግሌዎች ያለውን ጥቂት እህል አስቀድሞ ለማን እንደሚከፈል ሲመክሩ ይህን ቢያስታውሱ፥ የአንድ መንደር ወጣቶች እግር ይተርፋል።

ስለ ሚጥል በሽታ በአጭሩ እናገራለሁ። ይህ የአንጎል ሕመም ነው፤ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ያለ ሥርዐት ሲተኵሱ ሰውየው ይወድቃል፥ ይንቀጠቀጣል። የነርቭ ሐኪሙ ሬዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1986 እስከ 1988 በቡታጅራ አገር 60,820 ሰው ቤት ለቤት መርምረው ከሺሕ ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት አገኙ፤ ከሞላ ጐደል ሁሉም የሐኪም መድኀኒት አይወስዱም ነበር። በሽታው በለሓጭ አይተላለፍም። ይተላለፋል ብለው በመፍራት እሳት ውስጥ የወደቀውን ሰው ሳያነሡት የሚቀሩ አሉ፤ ከበሽታው ይልቅ የሚጐዳው ይህ ነው። ተማሪ በክፍል ውስጥ ቢወድቅ ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ በጎኑ ማስተኛት፥ አንገቱን የያዘውን ልብስ ማላላት፥ በአፉ ምንም አለመክተት፥ ክብሪት ጭሮም አለማሽተት ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ ቢቆይበት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ያበደ ውሻ የነከሰው ሰውም ነገሩ ከነርቭ ጋር የተያያዘ ነው። መርዙ ከቁስሉ ወደ ነርቭ ገብቶ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጅበታል። እዚያ ከደረሰና ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የተነከሰው ልጅ ደኅና መስሎ የሚጫወትበት ያ ጊዜ ክትባት የሚወስድበት ጊዜ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፥ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ መምህራን ከጥጥ በቀር ምንም መሣሪያ ሳይፈልጉ ሊያደርጉት የሚችሉትን ምርመራ እጽፋለሁ። በተማሪው ቈዳ ላይ ከሌላው ገላው ነጣ ወይም ቀላ ያለ፥ የማያሳክክ ነቍጥ ቢታይ፥ ልጁን ከጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው አድርጋችሁ ጥሩት፤ ስሙ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ። አስቀድማችሁ ዐይኑ ተከፍቶ ሳለ ሥራውን አሳዩት፤ የጥጥ ጫፍ እንደ ክር አሹላችሁ ቈዳውን ንኩትና የተነካበትን በጣቱ ያመልክት። ከዚያ ዐይኑን ይጨፍን። አንድ ጊዜ ጤናማውን፥ አንድ ጊዜ ነቍጡን፥ ያለ ተራ እየቀያየራችሁ ንኩ፤ ጥጡን አትጐትቱት፥ ንኩትና አንሡት እንጂ። ጤናማውን እያመለከተ ነቍጡን ዝም ካለ፥ ወይም ከተነካበት ርቆ ካመለከተ፥ ክርኑንም አጥፎ በአጥንቱ ጕብታ አጠገብ ያለውን ነርቭ በሁለቱም እጁ ዳስሱ፤ አንዱ ከሌላው ወፍሮ ሊገኝ ይችላል። በዚያው ሳምንት ከወላጁ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ በምትጽፉትም ደብዳቤ ላይ ነቍጡ ያለበትን ስፍራና መቼ እንዳያችሁት ጻፉ፤ የበሽታውን ስም ግን ሐኪሙ እስኪናገር ድረስ አትጻፉ።